ለግጥም መጽሐፍ ኢቺንግ ልሥራ ወይ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው የምኖረው። ሥነ ጥበብ ተምሬ፣ ኅትመትም እዚያው ለምጄ ተመርቄያለሁ። አሁን ፒያሳ ለቱሪስት ሥዕል እሸጣለሁ። አንድ ገጣሚ ለመጽሐፉ አሥር ኢቺንግ (መዳብ ላይ በአሲድ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል) ሥሪልኝ አለኝ። ክፍያው ግን ትንሽ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ተቀበዪው። ውሉን ግን አስተካክዪ።

የግጥም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በገጣሚው ኪስ ነው። ከእሱ ብዙ አትጠብቂ። ያንቺ ሀብት መዳቡ ነው። መዳቡ ላይ የተቀባውን ሰም በመርፌ ጭረሽ፣ በአሲድ አስበልተሽ ያወጣሽው አንድ ፕሌት (የመዳብ ሰሌዳ) ደጋግሞ ይታተማል። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ስካን የተደረገ ምስል ነው። አንቺ በፕሬስ (በማተሚያ መሣሪያ) አትመሽ፣ በእርሳስ ቁጥር ሰጥተሽ የፈረምሽበት ወረቀት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለብቻው ይሸጣል። ስለዚህ ለገጣሚው እንዲህ በዪው፦ «ምስሉን ለዚህ እትም ተጠቀምበት፤ ፕሌቱና በእጄ የማትመው የኔ ነው።» ይህ በጽሑፍ ይሁን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልሽን ይጠብቃል፤ የቃል ስምምነት ግን ስትከራከሪበት ያደክምሻል።

አሥሩንም በአንዴ አትጀምሪ። ሁለት ግጥም ምረጪና ንድፉን አስቀድመሽ አሳዪው። አሲድ የበላውን መስመር ለማጥፋት መዳቡን መፋቅና መወልወል አለብሽ። ሸራ ላይ እንደምታደርጊው ደርበሽ አትቀቢበትም።

አሁን ስለ ሥዕሉ። ግጥሙ ዝናብ ካለ ዝናብ አትሳዪ። አንባቢው ዝናቡን አይቶታል፤ አንቺ ግጥሙ ያልተናገረውን ጨምሪለት። የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት ለቱሪስት ደጋግመሽ ሠርተሻቸው ይሆናል። ግጥሙ ካልጠራቸው እዚህ አታስገቢያቸው። ይልቅ ማለዳ ፋሲል ግቢ ገብተሽ የግንቡን ጥላ ንደፊ፤ ኢቺንግ ጥቁሩን በመስመር ሲገነባ ያምርበታል። ሥዕሉ ውስጥ ፊደል ካለ ደግሞ፣ ሲታተም ስለሚገለበጥ፣ ፕሌቱ ላይ ተገልብጦ መጻፍ አለበት። እንግሊዛዊው ዊልያም ብሌክ በ1789 እ.ኤ.አ. የራሱን ግጥምና ሥዕል አንድ መዳብ ላይ ያወጣው ፊደሉን እየገለበጠ ነው።

ቤት ውስጥ ናይትሪክ አሲድ አትጠቀሚ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ለመዳብ ፌሪክ ክሎራይድ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ጓንት አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ። ፕሬስ ካጣሽ የቀድሞ መምህራንሽን ጠይቂ። አዲስ አበባ ያለው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ኅትመት ያስተምራል። ፕሌቶቹን አጠራቅመሽ አንዴ ብትሄጂ ትራንስፖርቱ ይቀልሻል።

የቱሪስቱን ሥራ ለጊዜው አትተዪው፤ መዳብና ወረቀት የምትገዢው በሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኅትመቶች ስታወጪ ፎቶ ላኪልኝ። የትኞቹን ግጥሞች እንደመረጥሽም ጻፊልኝ።