ሜጀር፣ ማይነርና ሰርተፊኬት በ120 ክሬዲት ውስጥ ይገባሉ ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አባት ነኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን በዚህ ሴሚስተር ስትጨርስ 60 ክሬዲት ይሞላላታል። ሜጀሯ (ዋና የትምህርት መስኳ) ባዮሎጂ ሲሆን፣ በስታቲስቲክስ ማይነር (ንዑስ የትምህርት መስክ)፣ በኅብረተሰብ ጤና ደግሞ ሰርተፊኬት ለመጨመር አስባለች። እኔ ሀገር ቤት ስማር፣ ዲፓርትመንት ከተመደብን በኋላ የምንወስደው ኮርስ ለባቹ በሙሉ ተዘጋጅቶ ይሰጠን ስለነበር፣ ይህ ሁሉ ምርጫ ግራ አጋብቶኛል። ጉጉቷን ማቀዝቀዝ አልፈልግም፤ ነገር ግን በአራት ዓመት ካልጨረሰች የአምስተኛውን ዓመት ክፍያ አልችለውም። ራሷ ያዘጋጀችውን የኮርስ ዕቅድ ልኬላችኋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቅዱን ደጋግመን ተመልክተነዋል፤ ልጅዎ በጥንቃቄ እንደሠራችውም አይተናል። ያነሡት ልዩነት ትክክለኛ ነው፤ ሀገር ቤት ዲፓርትመንቱ ይሸከመው የነበረውን ሥራ እዚህ ተማሪዋ ራሷ ትሸከመዋለች፣ አድቫይዘሩም (የትምህርት አማካሪዋ) የሚረዳት ጥያቄ ይዛ ስትቀርብ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ለባችለር ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ስለሚጠየቅ፣ የቀሯት 60 ክሬዲቶች በአራት ሴሚስተር ሲካፈሉ በየሴሚስተሩ 15 ይደርሷታል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለገንዘብ እርዳታ «ሙሉ ጊዜ» ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ይበቃል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ 12 የሚወስድ ተማሪ በአራት ዓመት የሚያጠራቅመው 96 ብቻ ነው። በዕቅዱ መሠረት ከቀሯት 60 ክሬዲቶች 30ው የሜጀር፣ 6ቱ የጠቅላላ ትምህርት፣ 24ቱ ደግሞ በነፃ የምትመርጣቸው ናቸው። ማይነሩ 18 ክሬዲት ሲሆን፣ ባዮስታቲስቲክስ ለሜጀሩም ስለሚቆጠርላት አዲስ የሚጨመረው 15 ነው። ሰርተፊኬቱ 15 ቢሆንም፣ አንዱን ኮርስ ለጠቅላላ ትምህርት ስለወሰደችው፣ ኤፒዲሚዮሎጂ ደግሞ በሜጀሩ ስለሚያዝ፣ የሚቀረው 9 ነው። 15 እና 9 ሲደመሩ በትክክል 24 ይሆናሉ።

ስለዚህ በወረቀት ላይ ሦስቱም ይገባሉ። የሚያሳስበን ግን ምንም ትርፍ ቦታ አለመኖሩ ነው። አንድ ኮርስ በሁለት ቦታ እንዲቆጠር የሚፈቀደው በየዲፓርትመንቱ ደንብ ልክ ሲሆን፣ አንዳንዱ ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚጋራውን ክሬዲት በቁጥር ይገድባል። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ክፍል ኤፒዲሚዮሎጂን ከሜጀሩ ጋር አልጋራም ቢል፣ 24 የነበረው 27 ይሆናል፤ በዚህም ከ120 ታልፋለች።

ከክሬዲቱ ድምር ይልቅ ጊዜውን የሚወስነው የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ነው። ልጅዎ የጨረሰችው ካልኩለስ አንድን ነው። ካልኩለስ ሁለትን ሳትወስድ ፕሮባቢሊቲን፣ ፕሮባቢሊቲን ሳትወስድ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስን፣ እሱንም ሳትጨርስ በመጨረሻ ያስቀመጠችውን ሪግሬሽንን ልትመዘገብ አትችልም። አራቱ ኮርሶች አራቱን የቀሩ ሴሚስተሮች አንድ በአንድ ይይዛሉ ማለት ነው። ከእነርሱ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን፣ ወይም እሷ አንዱን ለመድገም ብትገደድ፣ እርስዎ የሚፈሩት አምስተኛ ዓመት ይመጣል። በሰርተፊኬቱ የቀሩት ሦስት ኮርሶች ግን አንዱ ሌላውን ስለማይጠብቅ በማንኛውም ሴሚስተር ሊገቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ሰርተፊኬቱን ትያዝ፤ የማይነሩን ጉዳይ ግን በዚህ ሰመር ትለየው እንላለን። ካልኩለስ ሁለትን በሰመር ከቤታችሁ አጠገብ ባለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወስዳ ካለፈች፣ ሰንሰለቱ በአንድ ሴሚስተር ስለሚያጥር መተንፈሻ ታገኛለች። ኮርሱ በዩኒቨርሲቲዋ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዝ፣ የሜሪላንድ ኮሌጆች የኮርስ ዝውውር ማመሳከሪያ በሆነው አርትሲስ ላይ አስቀድማ ትመልከት፤ ከአድቫይዘሯም በጽሑፍ ማረጋገጫ ትቀበል። ሰመሩ ካልተሳካ፣ የማይነሩን ስም ትታ ለኅብረተሰብ ጤና ሥራ የሚያገለግሏትን ሁለት የስታቲስቲክስ ኮርሶች ብቻ ብትወስድ እውቀቱን አታጣውም፤ ኮርሶቹም በትራንስክሪፕቷ ላይ በስማቸው ይታያሉ።

ስለ ሰርተፊኬቱ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ከዲግሪው ጋር የሚሰጥ የትምህርት ማስረጃ እንጂ፣ ብዙ ወገኖቻችን በአጭር ሥልጠና አግኝተው እንደሚሠሩበት የነርስ ረዳትነት ሰርተፊኬት የሙያ ፈቃድ የሚያስገኝ አይደለም። ለማስተርስ ስታመለክት ግን ዝንባሌዋን ያሳይላታል።

ፔል ግራንትን የመሰለ የፌዴራል እርዳታ የምታገኝ ከሆነ፣ እርዳታው የሚሰላው ለዲግሪዋ በሚቆጠሩ ኮርሶች ብቻ ነው። በነፃ የምትመርጣቸው 24 ክሬዲቶች ከሞሉ በኋላ የሚጨመር ኮርስ ላይታሰብላት ይችላል። ፔል ግራንት በዕድሜ ዘመን ከ12 ሙሉ ሴሚስተር በላይ አይሰጥም፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ደግሞ የተሞከረው ክሬዲት ሁሉ፣ የወደቀውና የተቋረጠው ጭምር፣ ከ180 ካለፈ የፌዴራል እርዳታው ይቆማል።

እርስዎ ራስዎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደውለው ለመጠየቅ ቢያስቡ፣ ፌርፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ የተማሪውን የትምህርት መረጃ በራሱ በተማሪው እጅ ስላደረገው፣ ያለ ልጅዎ የጽሑፍ ፈቃድ ላያነጋግሩዎት ይችላሉ። ስለዚህ የሰመሩ ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት እሷ ራሷ ወደ አድቫይዘሯ ሄዳ ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ ባዮስታቲስቲክስና ኤፒዲሚዮሎጂ በሁለት ቦታ እንደሚቆጠሩ፣ እንዲሁም በቅደም ተከተል የሚወሰዱት አራቱ ኮርሶች በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡ። መልሱን በኢሜይል አስልካ፣ እርስዎም ባሉበት ከዕቅዷ ጎን አስቀምጣ ትመልከተው።