በአይሁድ ሴሚናሪ መንፈሳዊ ምክር ለመማር ለምታስቡ ወጣቶች

በኒውዮርክ ከሚገኙት የአይሁድ ሴሚናሪዎች (የሃይማኖት አገልጋዮች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች) በአንዱ መንፈሳዊ ምክርን መማር ይጠቅም እንደሆነ ለምትጠይቁኝ መልሴ አዎን ነው፤ ነገር ግን በመጨረሻ የምትይዙት ማስረጃ የትኛው ሥራ ላይ እንደሚያስቀጥራችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት አጣሩ። ከሩቅ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሙያዎች አሉና። አንደኛው አሜሪካኖቹ ቻፕሊን የሚሉት፣ በሆስፒታል፣ በእስር ቤት ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የሚሰጥ መንፈሳዊ አገልግሎት ነው። ሌላው ቢሮ ከፍቶ የሥነ ልቦና ሕክምና መስጠት ሲሆን፣ ለዚህ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኒውዮርክ የአእምሮ ጤና አማካሪ ለመባል በመስኩ ማስተርስ ከመያዝ ሌላ 3,000 ሰዓት በባለሙያ ክትትል ሥር መሥራትና ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የሴሚናሪ ዲግሪ ብቻውን ይህን አይተካም።

የትምህርቱ ዋና ክፍል የሚካሄደው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። አንቶን ቦይሰን የተባለ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ የተስፋፋው ይህ ሥልጠና ክሊኒካል ፓስቶራል ኤዱኬሽን ይባላል። አንዱ ዙር 400 ሰዓት ይፈጃል፤ ከሙያ ማኅበር ቦርድ የቻፕሊንነት ምስክርነት ለማግኘት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዙር ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1886 በኒውዮርክ የተመሠረተው ጁዊሽ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ ሥልጠናውን ለሌሎች እምነቶች ተከታዮችም ሲሰጥ ቆይቷል።

ተማሪው ከሕመምተኛው ጋር የተነጋገረውን ቃል በቃል ጽፎ ያቀርባል፤ አሠልጣኙና ጓደኞቹም እያንዳንዱን መስመር ይመረምራሉ። ይህ ለእኛ ለሐበሾች ከባድ ነው። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይምርሃል» ለማለት ስለምንቸኩል፣ ሰውየው ስለ ሞት ሊናገር የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ እናስቆመዋለን። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ በሆነው በታልሙድ፣ ነዳሪም በተባለው ክፍል፣ ጠያቂ ከበሽታው ከስድሳ አንዱን እጅ ያነሣል የሚል ቃል አለ፤ የእግዚአብሔር ክብር ከሕመምተኛው ራስጌ በላይ ስላለ ጠያቂው በአልጋ ወይም በወንበር ላይ ሳይሆን ከፊቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ይላል። አይሁዳዊ ላልሆነ ተማሪም ቢሆን፣ ሕሙማንን መጠየቅን ግዴታ ካደረገ ባህል ዘንድ መሠልጠን ትልቅ ትርፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሥራ ካነሣን፣ በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚከፍላቸው የሆስፒስ ድርጅቶች፣ ማለትም ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን የሚንከባከቡት፣ መንፈሳዊ ምክር የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው የተሻለው በር ይህ ይመስለኛል። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቻፕሊን ሆናችሁ ለመግባት ለምትሹ ከሃይማኖት ተቋማችሁ የድጋፍ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ያለዚያ ዲግሪው አያስገባም። በእስራኤል ሙያው ገና ወጣት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት የማጓጓዝ ዘመቻዎች ወደዚያ የገቡት የቤተ እስራኤል ወላጆች አርጅተዋል፤ ሆስፒታል ሲተኙ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚያዳምጣቸው፣ የቄሶቹንም ክብር የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የትምህርት ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ክረምት በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል በበጎ ፈቃደኝነት አገልግሉ፤ ዝምታው የሚከብዳችሁ መሆኑን እዚያው ታውቃላችሁ።