ከሀዋሳ ጎባ ብቻውን በሞተር ለሚሄድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ሀዋሳ ላይ ሞተረኞች በተገናኘን ቁጥር ወሬው ባሌ ሆኗል። ዝናቡ ቆሟል፣ አዝመራው እየተሰበሰበ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚያ መንገድ ይመረጣል። ብዙዎቻችሁ የምትሄዱት ብቻችሁን ነው። ስለ መጀመሪያው ቀን፣ ማለትም ከሀዋሳ ተነስቶ ጎባ እስከ ማደር ድረስ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለኝ 150 ሲሲ ቦክሰር ነው። ስንት ሰዓት ብነሳ በቀን ጎባ እገባለሁ? (ከታቦር)

መልስ፦ ትገባለህ፣ ሞተርህም አያንስም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስ። ከሀዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገህ ዲንሾ እስክትደርስ 160 ገደማ አለ። ከዲንሾ በሮቤ በኩል ጎባ ሌላ 45 ያህል። በጠቅላላው 230 ኪሎ ሜትር አካባቢ በለው። አስፋልት ነው፤ ግን ከተሞቹን፣ ከብቱንና ዳገቱን አስገብተህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ አስብ። ለማረፊያ ሁለት ሰዓት ያዝ። እንደዛ ሲሰላ 8 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጎባ ነህ።

ልብ በል፣ እስኪመሽ ገና ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀርሃል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ትልቁ መድኑ ይህ ትርፍ ሰዓት ነው። ጎማ ቢተነፍስ፣ ዝናብ ቢያቆምህ፣ ድካም ቢጫንህ ከእሱ ላይ ትከፍላለህ። አርፍዶ የተነሳ ሰው ግን የጠፋውን ሰዓት በፍጥነት ሊያካክስ ይሞክራል፤ ብዙው አደጋ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ከሆነ የትም ብትሆን ቀጣዩ ከተማ ማደሪያህ ነው። ዶዶላም፣ አዳባም፣ ዲንሾም አልጋ አለ። በማግስቱ ትቀጥላለህ።

ጥያቄ፦ በስንት ልንዳ?

መልስ፦ ሜዳው ላይ 70 ይበቃል። መንደር ውስጥ 30። በ70 ስትሄድ በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ታልፋለህ፤ ፍሬን ለመያዝ ከመወሰንህ በፊት ማለት ነው። ጥጃ መንገድ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጥያቄ፦ ነዳጅስ? መጠባበቂያ ጀሪካን ልያዝ? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ 150 ሲሲ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ ሙሉ ታንክ ጎባ ያደርስሃል። ጀሪካን ከኋላህ አስረህ መሄድ አልወድም። ብትወድቅ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። ይልቅ ሀዋሳ ላይ ዋዜማውን ማታ ሙላ። የጠዋት ሰልፍ የጉዞህን ምርጥ ሰዓት ይበላብሃል። ከዚያ በኋላ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ማደያ ካገኘህ ግባ፣ ባዶ እስኪሆን አትጠብቅ።

አሁን ማደያዎች የሚቀበሉት በስልክ ክፍያ ስለሆነ የስልክህ ባትሪ አለቀ ማለት ነዳጅህም አለቀ ማለት ነው። ፓወር ባንክ ያዝ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ቸግሮህ ካልሆነ አትንካው። ከገዛህም ጥቂት አስቀምጠህ ተመልከተው። ውኃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል። ከዚያ የላይኛውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ ጨምር።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ዲንሾ አካባቢ ሞተራቸው ጉልበት እንዳጣና ጥቁር ጭስ እንዳወጣ ነገሩኝ። ካርቡሬተሩን አስተካክዬ ልውጣ?

መልስ፦ አትንካው። ምክንያቱን ልንገርህ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዲንሾ 3,100 አካባቢ ነው፤ ከአዳባ በኋላ ያለው ዳገትም ከ3,000 በላይ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ወትሮው ይለቃል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ያው ነው። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥኑት ሞተሮች ቤንዚኑን ያስተካክላሉ፤ የአየሩን እጥረት ግን እነሱም አይተኩትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የአየር ማጣሪያውን ከመውጣትህ በፊት አጽዳው። የቆሸሸ ማጣሪያ ሀዋሳ ላይ ሳይታወቅህ ቆይቶ ዳገቱ ላይ ይጥልሃል። አንድ ትርፍ ካንዴላና መፍቻውን ያዝ። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቀንስ፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ይውጣ። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጠህ ብታስጨንቀው ይባስ ይታነቃል። ካርቡሬተሩን ለደጋው ብለህ ካሳነስከው፣ ወደ ሀዋሳ ስትመለስ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ከዳገት ጉልበት ይልቅ ያ ያሳስበኛል።

ቁልቁለቱም ላይ ማርሽ ውስጥ ሁነህ ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ መውረድን የሚመክርህን ሰው አትስማ። ፍሬኑ ብቻውን ከሠራ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ጥያቄ፦ ብርዱን እንዴት ልቻለው? እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ዲንሾ ላይ ከሀዋሳ 9 ዲግሪ ያህል ይወርዳል ማለት ነው፣ ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር። መጀመሪያ የሚደነዝዘው ጣት ነው፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የምትይዝበት ጣት። ደህና ጓንት ግዛ፣ በዚህ አትሰስት። ወፍራም አንድ ጃኬት ከምትለብስ ስስ ስሱን ደራርብ። ከላይ የዝናብ ልብስ ብትደርብ ነፋሱን ይከለክላል። ከጃኬቱ ሥር ደረትህ ላይ ጋዜጣ ማድረግ የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፣ ይሠራል። የምትደርበውን አዳባ ላይ ቆመህ ደርብ። ከበረደህ በኋላ መልበስ ብዙ አይረዳህም።

ጥያቄ፦ ሴት ሆኜ ብቻዬን ብሄድ ይከብደኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መንገዱ ላይ የሚገጥምሽ ከእኛ ብዙ አይለይም። እንዲያውም በአርሲና በባሌ ሴት ፈረስ ስትጋልብ ማየት የተለመደ ነው። ከኮፈሌ ጀምሮ ታያቸዋለሽ። የሚለየው ማደሪያው ነው። የጎባ አልጋሽን ከሀዋሳ ሳትወጪ በስልክ ያዢ፣ ግቢው ውስጥ ሞተር ማቆሚያ ያለው ይሁን። በብርሃን ግቢ። መንገደኛ «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ ከጠየቀሽ «ከኋላ የሚመጡ አሉ» በይና እለፊ። ለማያውቁት ሰው እውነቱን ማስረዳት ግዴታሽ አይደለም። ስትቆሚ ደግሞ ሻይ ቤት ያለች እናት አጠገብ ቁሚ። «አካም ጅርቱ» ብለሽ ሰላም በያት። ካፌ ውስጥ ከመቀመጥ እሱ የበለጠ ይጠብቅሻል።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ። ልጄ ብቻዬን ልሂድ ብሎ አስቸግሮኛል። ምን ብዬ ልልቀቀው?

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው፤ ቢከለክሉት ግን ሳይነግርዎት ሊሄድ ይችላል፣ ያ ይብሳል። ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ እንዲደውል ይስማሙ፦ ሻሸመኔ፣ ዶዶላና ዲንሾ። እርስዎ በመሐል አይደውሉለት፤ ስልክ ሲጮህ ዓይኑ ከመንገድ ይነሳል። ከተባባላችሁት ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ይደውሉ። የእርስዎን ቁጥርና የደም ዓይነቱን በወረቀት ጽፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ያድርግ። መንጃ ፈቃዱ፣ ሊብሬው፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ የተሟላ ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ሻሸመኔ መናኸሪያ ገብቶ ከዚያ መስመር የመጡ ሾፌሮችን መንገዱ ሰላም እንደሆነ ይጠይቅ። «ዛሬ ይቅርብህ» ካሉት እንዲመለስ ቃል ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ጎማ ቢተነፍስስ? ጎሚስታ የሌለበት ቦታ?

መልስ፦ ሀዋሳ ላይ ተለማመድ። ሰፈርህ ያለውን ጎሚስታ ከፍለህ፣ የኋላ ጎማህን በገዛ እጅህ ፈትተህ እንድትገጥም እንዲያሳይህ ጠይቀው። ለመንገድ የፊትና የኋላ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንቀያ ብረቶች፣ የእጅ መንፊያ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የጎማውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ ያዝ። የተወጋውን መንገድ ላይ አትለጥፈው፤ ቀይረህ ሂድ፣ ማታ ከተማ ታስለጥፈዋለህ። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ዳብስ። ሚስማሩ እዚያው ካለ አዲሱንም ይወጋዋል።

ጥያቄ፦ የቱ ቦታ ላይ ነው በጣም መጠንቀቅ ያለብኝ?

መልስ፦ የገበያ ቀን የሆነበት ከተማ ሁሉ። ፈረስ፣ ጋሪ፣ አህያና ሰው መንገዱን ይሞሉታል። ፈረስን ከኋላ ሆነህ ጡሩንባ አትንፋበት፣ ይደነብራል። በመኸር ወቅት ዶዶላና አዳባ ላይ ኮምባይነሮች አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከፊት የሚመጣውን ሳታይ አትቅደማቸው። ዲንሾ ልትደርስ ስትል ደግሞ የጋይሳይ ሣር ሜዳ አለ። መንገዱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሐል ያልፋል። የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ይሻገሩበታል። እዚያ ቀስ በል። ቆመህም እይ፣ የምትቸኩልበት ምክንያት የለህም።

ጥያቄ፦ ምሳ ምን ልብላ?

መልስ፦ ቀለል ያለ ብላ። ጥሬ ሥጋ በልቶ ዳገት መውጣት እንቅልፍ ይጠራል። ጩኮ ካገኘህ ግዛ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ትንሹ ረጅም መንገድ ይወስድሃል።

ጥያቄ፦ በዚያው ቀን ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴ አምባ አይቼ ብመለስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሳነቴ ከ4,000 በላይ፣ እዚያ ያለው ተራራ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ብቻ ሳይሆን አንተም ትደክማለህ፣ ራስህን ያምሃል። ከሰዓት በኋላ ደመና ይወርዳል፣ በረዶም ይጥላል፣ መንገዱም ጠጠር ነው። አድረህ ጠዋት ውጣ። ስለ ፓርኩ መግቢያ ዲንሾ ያለው ጽሕፈት ቤት ስታልፍ ጠይቅ።

ስትወጣ ቀይ ቀበሮን ታስባለህ አይደል? በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ፓርኩም በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀበሮዎቹ ፍልፈል ፍለጋ መንገዱን ይሻገራሉ። በ30 ንዳ። ምግብ አትወርውርላቸው፣ አታሯሩጣቸው። ሰው የለመደ ቀበሮ ወደ መንደር ይቀርባል፣ የውሻ በሽታም የሚይዘው እዚያ ነው። እኔ ይህን ጉዳይ ከሞተሩ በላይ ነው የምለምናችሁ።

ጥያቄ፦ ጎባ ደርሼ ከመተኛቴ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰንሰለቱ ገና ሞቆ ሳለ ዘይት ቀባው፣ ሌሊቱን ውስጡ ይገባል። ልልነቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሞተር ዘይቱን እይ፣ የኋላውን ጎማና የዕቃ መጫኛውን ብሎኖች በቁልፍ ንካቸው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካ። ከዚያ ለቤትህ ደውል፣ ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ብርድ ልብስ አንድ ተጨማሪ ጠይቅ፣ ይሰጡሃል።