ጄንኪንስ ላይ ፕለጊን ልታሠሪ ነው? ብሩን ገና አትስጪ

ጄንኪንስን፣ ማለትም ኮድን በራሱ የሚገነባና የሚፈትን ሰርቨር፣ የምትጠቀም አንዲት የቡድን መሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ኮዳችንን የምንገነባው ራሳችን በሠራናት ትንሽ የቢልድ መሣሪያ ነው። ጄንኪንስ ላይ 14 ጆብ (ጄንኪንስ የሚያስኬደው ሥራ) አለን። ሁሉም መሣሪያዋን የሚጠሯት በሼል ስክሪፕት ነው፤ ስክሪፕቱ ግን ከጆብ ጆብ እየተለያየ መከራችንን አበላን። አንድ ፍሪላንሰር ፕለጊን ልሥራላችሁ ብሏል፣ ግማሹን በቅድሚያ ክፈሉኝ ይላል። ውሉ ላይ ምን ላስገባ?»

ቆይ፣ ከውሉ በፊት አንድ ነገር። ፕለጊን፣ ማለትም ጄንኪንስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ የግድ ያስፈልግሻል? የነገርሽኝ ችግር እኮ የስክሪፕት መለያየት ነው። ለእሱ ጄንኪንስ ራሱ ሼርድ ላይብረሪ የሚባል ነገር አለው። አንድ የጊት ሪፖ (የኮድ ማስቀመጫ) ትከፍቻለሽ፣ ቫርስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ግሩቪ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፋይል ታስቀምጫለሽ፣ ከዚያ 14ቱም ጆቦች በአንድ መስመር ይጠሩታል፤ ነገ መሣሪያዋ ላይ አንድ ነገር ሲቀየር የምትነኪው ያቺን አንድ ፋይል ብቻ ነው። ጎበዝ ልጅ ካለሽ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ችግሩ ይሄ የሚሠራው ለፓይፕላይን ጆብ፣ ደረጃዎቹ በኮድ ለተጻፉት፣ ብቻ ነው። በፎርም የሚሞላው አሮጌው ፍሪስታይል ላይ አይሠራም።

ሌላም አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ኤጀንቱ፣ ቢልዱን የሚያስኬደው የጄንኪንስ ረዳት፣ ሌላ ማሽን ላይ ሆኖ በፓይፕላይን ኤስኤች (የሼል ትእዛዝ የሚያስነሳው ደረጃ) የተጀመረ ሥራ፣ ዋናው ጄንኪንስ መሀል ላይ ቢጠፋም እዚያው ይቀጥላል። ጄንኪንስ ሲነሳ ካቆመበት ያገኘዋል። ፍሪላንሰሮች የሚወዱት ቀላሉ የፕለጊን አሠራር፣ ሲምፕል ቢልድ ስቴፕ የሚባለው፣ ይሄን አይችልም። ጄንኪንስ ሪስታርት ካደረገ ቢልዱ አለቀለት። ሰርቨርሽ ቢሮ ውስጥ ከሆነና መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የምትጠብቂ ከሆነ፣ ከፍለሽ ወደ ኋላ ተመለስሽ ማለት ነው።

ታዲያ ፕለጊን መቼ? መሣሪያዋን ልክ እንደታወቁት የቢልድ መሣሪያዎች፣ እንደ ማቨንና ግራድል፣ በየኤጀንቱ ላይ ቨርዥን እየመረጠ ራሱ እንዲጭን ከፈለግሽ። ወይም ኮድ የማይጽፉ ሰዎች በፎርም እየሞሉ ጆብ የሚከፍቱ ከሆነ። ወይ ደግሞ ውጤቱ ቢልዱ ገጽ ላይ በራሱ ሰንጠረዥና ግራፍ እንዲታይ ካሻሽ። ከነዚህ አንዱ ካለ እሺ፣ አሠሪ።

አሁን ወደ ውሉ። «ፕለጊኑ በትክክል ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካየሽ አትፈርሚ። የት ላይ ነው የሚሠራው? የኔን ጉድ ልንገርሽ። መጀመሪያ የሠራሁት ፕለጊን እኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ሰዓት ይሄድ ነበር። ደንበኛው ቢሮ ወስጄ ጫንኩት፣ ሰዎቹ ተሰብስበው እያዩ፣ «ፋይሉ አልተገኘም» አለ። ደገምኩት። አሁንም አልተገኘም። ላቤ ጠብ አለ። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ የፕለጊኑ ኮድ የሚሮጠው ዋናው ጄንኪንስ ላይ ነው፣ ኮንትሮለር የሚባለው። ዎርክስፔሱ፣ የቢልዱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር፣ ያለው ግን ኤጀንቱ ማሽን ላይ ነው። እኔ የጃቫን ተራ የፋይል ክላስ ስለተጠቀምኩ ኮንትሮለሩ ዲስክ ላይ ነበር የምፈልገው። ላፕቶፔ ላይ ሁለቱም አንድ ማሽን ስለነበሩ አልታየኝም። ለዚህ ጄንኪንስ ፋይልፓዝ የሚባል የራሱ ክላስ አለው፤ ፕሮግራም ለማስነሳት ደግሞ ላውንቸር። እነዚህ ባሉበት በቀጥታ የጃቫውን የሚጠቀም ሰው ከያዝሽ ሥራው ገና ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ርክክቡ እንዴት እንደሚሆን ጻፊ። ዋናው ጄንኪንስ ላይ ኤክዚኪዩተሩን (በአንድ ጊዜ ስንት ቢልድ እንደሚያስኬድ የሚወስነውን ቁጥር) ዜሮ አድርጊ፣ ለደኅንነትም የሚመከረው እሱ ነው። ቢልዱ ሌላ ማሽን ላይ ይሩጥ፤ ዊንዶውስ ኤጀንት ካላችሁ እሱም ላይ፣ የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ኖሮ። ከዚያ ሆን ብላችሁ የተበላሸ ኮድ ስጡት፤ መሣሪያዋ ስህተት ብላ ስትወጣ ቢልዱ ቀይ መሆን አለበት። አረንጓዴ ከሆነ ኤግዚት ኮዱን፣ መሣሪያዋ ስትጨርስ የምትመልሰውን ቁጥር፣ አያይም ማለት ነው። መሀል ላይ ደግሞ የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኚና ኤጀንቱ ላይ ገብተሽ ፕሮሰሱ መሞቱን እይ። ብዙ ጊዜ ቢልዱ ቆመ ይልሻል፣ ፕሮሰሱ ግን ከኋላ ሆኖ ሚሞሪሽን ይበላል።

ፕለጊኑ የይለፍ ቃል ወይም ቶክን የሚቀበል ከሆነ ምስጢሮችን የሚያስቀምጠውን ክሬደንሻልስ ፕለጊን ይጠቀም። ፈተናው ቀላል ነው፦ የጆቡ ሴቲንግ የሚጻፍበትን ኮንፊግ ኤክስኤምኤል ፋይል ክፈቺ፣ ቃሉ በግልጽ ከተነበበሽ መልሺለት። «ግንኙነቱን ሞክር» የሚል ቁልፍ ካስገባ ደግሞ ፈቃድ ሳያረጋግጥ እንዳይሠራና ፖስት የሚባለውን የዌብ ጥያቄ ዓይነት ብቻ እንዲቀበል በዪው። የጄንኪንስ የደኅንነት ማሳሰቢያዎች ውስጥ ይቺ ስህተት በየጊዜው ትመጣለች።

የጄንኪንስ ቨርዥንሽን ውሉ ላይ በቁጥር አስፍሪ። ልጁ በአዲሱ ላይ ሠርቶ ካመጣው ያንቺ አሮጌ ጄንኪንስ ፕለጊኑን አልጭንም ይላል። ጃቫውም እንደዚያው፤ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው የጄንኪንስ እትም) 2.479.1፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው፣ ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ካላገኘ አይነሳም። የክላሶቹንና የፕለጊኑን ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ወስኑ፣ ምክንያቱም ስሞቹ የጆቦቹ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ይጻፋሉ፣ በኋላ ቢቀየሩ የድሮዎቹ ጆቦች ሴቲንጋቸውን ያጣሉ። ኮዱ ውስጥ ሁድሰን የሚል ስም ብታዪ ግን አትደንግጪ፣ ከሌላ ቦታ ሰርቆ አይደለም። ጄንኪንስ ኮሱኬ ካዋጉቺ ሰን ማይክሮሲስተምስ እያለ የጀመረው ነው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስም ስሙ ሁድሰን ነበር።

ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የናንተ ሪፖ ውስጥ ይግባ። መጨረሻ ላይ አንዲት የኤችፒአይ ፋይል (ተገንብቶ ያለቀው ፕለጊን) በቴሌግራም ልኮልሽ ስልኩን ቢያጠፋ በምን ታስተካክዪዋለሽ? ከናንተ አንድ ሰው በራሱ ማሽን ላይ በማቨን ገንብቶ ያቺኑ ፋይል ማውጣት አለበት። ይሄ ካልተደረገ ርክክብ የለም።

ክፍያው ግማሽ በግማሽ አይሁን። እኔ ብሆን ባዶ አጽሙ ሪፖው ውስጥ ገብቶ ሲነሳ 20 በመቶ፣ ከላይ ያልኳቸውን ፈተናዎች ሲያልፍ 50 በመቶ እከፍል ነበር። የቀረውን 30 የምሰጠው ቀጣዩ ኤልቲኤስ ከወጣና ጄንኪንሴን አሳድጌ ፕለጊኑ እንደቆመ ካየሁ በኋላ ነው። አዲስ የኤልቲኤስ መስመር በየ12 ሳምንቱ ስለሚመጣ ልጁም ብዙ አይጠብቅም። ቅር ካለው ሁለተኛውን ከፍ አድርጊለት፣ የመጨረሻውን ግን ዜሮ አታድርጊ።

ለማንኛውም ዛሬ 14ቱን ጆቦች ክፈቺና ስንቱ ፍሪስታይል፣ ስንቱ ፓይፕላይን እንደሆነ ቁጠሪ። ሁሉም ፓይፕላይን ከሆኑ ለልጁ ደውዪና ፕለጊኑን ትቶ ላይብረሪውን በስንት እንደሚሠራልሽ ጠይቂው።