በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው የዴንቨር ከተማ ጥንታዊ ቤቶችና ሰፈሮች፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የዴንቨር አሮጌ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በጡብ የተሠሩት ለምንድን ነው? እንጨት ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ እንጨትስ ነበረ፤ ያስቸገረው እሳት ነው። በ1863 የተነሣው ቃጠሎ ከተቆረቆረች አምስት ዓመት ያልሞላትን ከተማ የንግድ ማዕከል ስላወደመ፣ አስተዳደሩ ከዚያ በኋላ በጡብ እንዲሠራ ደነገገ። ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈር ደግሞ በአካባቢው ሞልቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ካፒቶል ሂል ውስጥ ማማ ያላቸው፣ ያጌጡ ቤቶች አጠገብ አራት ማዕዘን የሆኑ ቀለል ያሉ ቤቶች ይታያሉ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከብር ማዕድን ዋጋ ነው። ያጌጡት በአብዛኛው የማዕድን ሀብት በጎረፈባቸው በ1880ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ በ1893 የብር ዋጋ ሲያሽቆለቁል ግን ባንኮች ተዘጉ፣ ባለጸጎችም ከሰሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው የመረጠው «ዴንቨር ስኩዌር» የሚባለውን፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። በኋላ ከታይታኒክ መርከብ አደጋ የተረፉት ማርጋሬት ብራውን ከባለቤታቸው ጋር በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ያለውን ቤት የገዙት ሌላው በወደቀበት ማግስት፣ በ1894 ነው፤ የእነርሱ ሀብት የመጣው ከወርቅ ነበርና። ይኸው ቤት በኋላ ለተከራዮች ተከፋፍሎ፣ ሊፈርስ ሲል በ1970 የተቋቋመው ሂስቶሪክ ዴንቨር የተባለ ማኅበር አትርፎታል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ጥያቄ፦ ከርቲስ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤት ልገዛ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ባለቤቱን ምን ይከለክለዋል?

መልስ፦ በመጀመሪያ የትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ያጣሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ መግባት ክብር እንጂ አጥር አይደለም፤ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ቤቱን ቢያፈርስ መዝገቡ አያግደውም። የሚያስረው ከተማው ራሱ ያወጣው ስያሜ ነው፤ በዚህ ሥር ያለን ቤት ከውጭ ለመለወጥ፣ ተጨማሪ ክፍል ለመቀጠል ወይም ለማፍረስ ከግንባታ ፈቃድ በፊት የቅርስ ጥበቃ ክፍሉን ይሁንታ ማግኘት ግድ ነው። ወጥ ቤቱንና የውስጥ ክፍሎቹን ግን እንደ ወደዱ ቢያድሱ የቅርስ ሕጉ አይመለከትዎትም።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሲሚንቶ ነው። የዚያ ዘመን ጡብ ለስላሳ ስለሆነ፣ በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ከጡቡ የላላ የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ነበር፤ በቁልፍ ጫፍ ቢፍቁት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ይህን ያየ ግንበኛ ክፍተቱን በጠንካራ ሲሚንቶ ሲደፍነው፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት በማያያዣው በኩል መውጣቱን ትቶ በጡቡ በኩል ይወጣል፤ በክረምትም በረዶ ሆኖ የጡቡን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከመሬት አጠገብ ያለውን ግድግዳ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ማያያዣው ግራጫና ጠንካራ፣ ጡቡ ደግሞ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ከሆነ ዋጋ ያስቀንሱ።

ጥያቄ፦ ለእድሳት የሚሰጥ የግብር ቅናሽ አለ?

መልስ፦ የፌዴራሉ 20 በመቶ ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ እንጂ ለመኖሪያ ቤትዎ አይሆንም። ኮሎራዶ ግን ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የራሷ ቅናሽ አላት፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ የሚጠበቀው የባለጸጎች ቤት ብቻ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦራሪያ በሚባለው ሰፈር፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለኮሌጆች ግቢ ሲባል በአብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ከሰፈራቸው ተነሥተዋል። በዘጠነኛው ጎዳና የነበሩ ጥቂት ቤቶች ግን በጥንቃቄ ታድሰው የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ሆነዋል። በእኔ እይታ ይህ ጡቡን አድኖ ነዋሪውን የሸኘ ጥበቃ ነው።

ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው ሰፈር የታየው ይሻላል። ከ1902 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ሺዎችን ያዋለዱት ጥቁር አሜሪካዊት ሐኪም የዶክተር ጀስቲና ፎርድ ቤት፣ ሊፈርስ ሲል በ1984 ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ጎዳና ተዛውሯል። በ2021 ደግሞ ከተማው ላ አልማ ሊንከን ፓርክን የባህል ቅርስ ሰፈር ብሎ ሰይሟል፤ ትናንሾቹ የሠራተኛ ቤቶች የተመዘገቡት ከነበረንዳ ቅጥያቸው ነው፤ ነዋሪዎቹ ባለፉት አሥርት ዓመታት የጨመሩትም የታሪኩ አካል ሆኖ ተቆጥሯልና።