የዓሣውን ሂሳብ ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ከባንድ ጋር ኪቦርድ እጫወታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዘፋኛችን የአሜሪካዊቷን የአሬታ ፍራንክሊንን «ሪስፔክት» («ክብር» ማለት ነው) ስትዘፍን አጎቴ ከታዳሚው መሃል ነበሩ። የድሮ ሙዚቃ ላይ ቀልድ አያውቁም። ስንጨርስ ጠሩኝና «ይሄ እኮ የወንድ ዘፈን ነው፣ እሷ ወስዳበት ነው» አሉኝ። እኔ አላመንኩም፣ ተወራረድን። የተሸነፈ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ወርዶ ዓሣ ይጋብዛል። ማናችን ነን ልክ? ሌላስ ማን ማን ተጫውቶታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኪስህን ፈትሽ። አጎትህ ልክ ናቸው። ግን ሙሉ በሙሉ አላሸነፉህም፣ ስለዚህ ሂሳብ ከመምጣቱ በፊት ይህቺን አንብብላቸው።

ዘፈኑን የጻፈው አሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሜምፊስ ከተማ፣ ስታክስ ስቱዲዮ ውስጥ ቀዳው፤ በዚያው ዓመት «ኦቲስ ብሉ» የሚለው አልበሙ ላይ ወጣ። በጥቁሮቹ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደርሷል። በአጠቃላዩ የፖፕ ሰንጠረዥ ግን ከ35ኛ አላለፈም። እሱ የሚዘፍነው ደክሞት ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ወንድ ነው። ገንዘቤን ልስጥሽ፣ እኔ በሌለሁበት ከፈለግሽም በድዪኝ፣ ቤት ስገባ ብቻ ትንሽ አክብሪኝ ይላል። ግማሹ ልመና፣ ግማሹ ትእዛዝ። እንዲህ ያለ አባወራ እኛም ሰፈር ሞልቷል።

በ1966 ዘ ራሽናልስ የሚባሉ የሚሺጋን ጎረምሶች በጊታር አስጩኸው ሠርተውታል። ከአሬታ በፊት መሆኑን ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ብዙ አያስቆምም።

አሁን ወደ አንተዋ እንምጣ። አሬታ የቀዳችው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ኒው ዮርክ፣ አትላንቲክ ስቱዲዮ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ዌክስለር። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ተናጋሪውን መቀየር ነው። የኦቲስ ሰውዬ «በሌለሁበት በድዪኝ» ያላትን ሴት ወደ ፊት አመጣቻትና፣ «አንተ በሌለህበት እኔ አልበድልህም፣ አልፈልግምም» አስባለቻት። እሷም የራሷ ገንዘብ አላት፣ እሷም ክብሯን ትጠይቃለች። ጥቂት ቃላት ናቸው የተነኩት፣ ዘፈኑ ግን ከሥሩ ተገለበጠ።

ከዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቦታ አለ፣ ፊደል በፊደል የምትጠራው፦ «አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ ፒ፣ ኢ፣ ሲ፣ ቲ»። ይሄ ኦቲስ ላይ የለም! ከኋላ በፍጥነት የሚደጋገመው «ሶክ ኢት ቱ ሚ»ም የለም፣ እሱን የሚያጅቧት እህቶቿ ካሮሊንና ኤርማ ናቸው። አንተ ኪቦርድ ተጫዋች ስለሆንክ አንድ ልጨምርልህ። መሃል ላይ ኪንግ ከርቲስ በሳክስፎን የሚገባበት ክፍል አለ አይደል? ያም የኦቲስ አይደለም። ኮርዶቹ የተወሰዱት ሳምና ዴቭ ከሚባሉ ሌሎች የሶል ዘፋኞች ዘፈን ነው። ስለዚህ የምትጫወቱት ዘፈን ውስጥ ሌላ ዘፈን ተሰፍቶበታል ማለት ነው፣ እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ያቺን ቦታ ሳልጠብቅ ሰምቼው አላውቅም።

የአሬታው በጁን 1967 በቢልቦርድ፣ ማለትም በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ፣ 1ኛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። በዚያው ወር ኦቲስ ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ሊዘፍነው ሲል፣ አንዲት ልጅ ይህን ዘፈን ወሰደችብኝ ብሎ እየቀለደ ጀመረ። አጎትህ ያሉት ነገር እንግዲህ ከባለቤቱ አፍ የወጣ ነው። በዲሴምበር ኦቲስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ የማን ነው? «ትዝታ» የማን ነው ብሎ የሚወራረድ ሰው የለም፤ ሁሉም በራሱ ስንኝ ይዘፍነዋል። ይሄኛው ግን ጸሐፊ አለው። የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ የለ? በዚያ ሂሳብ ግጥምና ዜማው የኦቲስ ነው፣ ግጥሙ ላይ የእሷም እጅ ገብቶበት። ቅንብሩ የአሬታ ነው። በ2021 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከ500 ምርጥ ዘፈኖች 1ኛ ያደረገውም የእሷን ነው።

ሕጉ ግን ከአጎትህ ጋር ነው። በአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል፣ ለዘፋኙ ግን አይከፍልም። ስለዚህ የአሬታ ድምፅ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ወደ ኦቲስ ወገን ነበር። ክብር ይገባኛል ብላ ለዘፈነች ሴት፣ ኧረ ተው!

ከእሷ በኋላ የሠሩት ብዙ ናቸው። አዴቫ በ1989 የዳንስ ቤት ምት አስገብታበታለች፣ አይከፋም። ግን አብዛኛው ሰው የሚደግመው አሬታን ነው። የኦቲስን ቃል ይዞ የሚነሳ እምብዛም አትሰማም፤ ለእናንተ ባንድ ዕድሉ እዚህ ጋ ነው። ወንድ ዘፋኝ ካላችሁ የኦቲስን በእሱ ጀምሩት፣ ከዚያ ልጅቷ በአሬታ ትመልስለት። መለከትና ሳክስ ብቻ ከሰው ተዋሱ፣ የስታክስን ድምፅ ኪቦርድ ላይ በተቀዳ መለከት ብትሞክረው አጎትህ ተነስተው ይሄዳሉ።

ዓሣውን አንተ ክፈል። ሾርባውን ግን እሳቸው ይቻሉ።