ግንዱን የበሳው ማን እንደሆነ ሳታይ መድኃኒት አትግዛ

ወንድሜ፣ ሸዋ ሮቢት ያሉት ብርቱካኖችህ ግንዳቸው እየተበሳ ሰጋቱራ እንደሚያራግፉ ጽፈሃል። በቪዲዮ ያየኸው እንጨት የሚበሳ ግዙፍ ዝንብ ወደ አገራችን ገብቶ ይሆን ብለህ ሰግተሃል፤ ምን መድኃኒት እንደምትረጭም ጠይቀሃል። እኔም እዚያው ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ብርቱካንና ዘይቱን የማለማ ሰው ነኝና የደረሰብኝን ልንገርህ።

ዝንቡ እውነተኛ ፍጥረት ነው። ፓንቶፍታልሚዴ የተባለው የዝንብ ቤተሰብ ነው፤ አገሩ ግን የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሞቃት ደን ነው። ትልልቆቹ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ዛፉን የሚጎዳው ዕጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል ነው። የቤታችን ዝንብ ዕጭ ለስላሳና ራሱ የማይለይ ትል ሲሆን፣ የዚህኛው ግን ጠንካራ ራስና ብርቱ መንጋጋ አለው። በቁሙ ያለ እርጥብ ዛፍ ውስጥ አግድም እየሰረሰረ ይገባል፤ ሲያኝክ ድምፁ ከውጭ እስከመሰማት ይደርሳል። ዛፉ ባይደርቅ እንኳ ግንዱ ወንፊት ስለሚሆን ለጣውላ አይረባም። እኛ ዘንድ ስላለው ጉዳት ስትጠይቅ ግን ዓይንህን ከዝንቡ ላይ አንሳ፤ በእኛ አገር ግንድ የሚበሱት ጥንዚዛና የእሳት እራት ናቸው።

እኔም ያንተው ዓይነት ጭንቀት ደርሶብኛል። አንድ ጠዋት ከምወደው ዘይቱን ሥር እንደ ጤፍ ዱቄት የነጣ ብናኝ ተከምሮ አገኘሁ። ቀና ብዬ ባይ እርሳስ የሚያስገባ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ባማክር «ናፍጣ አፍስስበት፣ ወዲያው ያልቃል» አለኝ። አመንኩትና አፈሰስኩ። በሳምንቱ በቀዳዳው ዙሪያ ቅርፊቱ ጠቆረ፤ ቆይቶ ተላጠ፤ ያ ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ ደረቀ። ብናኙ ደግሞ ከሌላው ቅርንጫፍ መውረዱን ቀጠለ። እስከ ዛሬ ያንን ዛፍ ሳስታውስ ይቆጨኛል፤ ልጆቼ ፍሬውን እየለቀሙ ያደጉበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወንበዴውን ራሱን ለማየት የቆረጥኩት። የደረቀውን ቅርንጫፍ ትቼ ገና በመበሳት ላይ ያለውን ቆረጥኩና በመጥረቢያ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ዋሻው ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ላይ ታጥፎ፣ በግንዱ ርዝመት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ግድግዳው የተወለወለ ይመስላል። ከጫፉ ላይ የጠበቅሁት ትል አልነበረም። ጥቁር፣ ደንዳና፣ የጣት አንጓ የምታህል ጥንዚዛ ነበረች፤ ራሷ ከደረቷ ቆብ ሥር ተደፍቶ ከላይ አይታይም። አፓቴ ትባላለች። የእሷ ነገር ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕያው ዛፍ የምትበሳው ለምግቧ ስትል ካደገች በኋላ ሲሆን፣ የምትራባው በደረቀ እንጨት ውስጥ ነው። ይህን ሳውቅ ዓይኔ የሄደው ከአጥሩ ጥግ ለማገዶ ብዬ ወደከመርኩት የግራር ቁራጭ ነው። ብገለብጠው ብዙው ተበስቷል። የጠላቴን ማሳደጊያ በገዛ ግቢዬ ሠርቼላት ኖሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን መርምር። ብናኙ ትኩስና ደረቅ፣ ቀዳዳው ንጹሕ ክብ ከሆነ እሷን ጠርጥር። ቀጭን ግን ጠንከር ያለ ሽቦ ጫፉን ትንሽ ቆልምመህ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ግፋ፤ ስትወጋት እጅህ ላይ ይሰማሃል። ከዚያ ቀዳዳውን በተቦካ ጭቃ ድፈነው። በማግስቱ ተመልሰህ እየው፤ ጭቃው ተገፍቶ ብናኝ ከወጣ አልሞተችምና ድገመው። እኔ ይህን በየማለዳው ውኃ ከማጠጣቴ በፊት አደርጋለሁ። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት ግንድ ውስጥ ያለችውን አያገኛትም፤ ገንዘብህን አታባክን።

ከቀዳዳው እንክብል እንክብል ያለ ኩስ የሚወጣ ከሆነና ስትሰነጥቀው ትል ካገኘህ ነገሩ ሌላ ነው። እግር ያለው ትል የእሳት እራት ዕጭ ነው፤ እግር የሌለው፣ ከራሱ በኩል ወፈር ብሎ ወደ ኋላ የሚቀጥነው ደግሞ የጥንዚዛ ዕጭ ነው። ለእነሱም ሽቦው ያገለግላል፤ ክፉኛ የተበላውን ቅርንጫፍ ግን ከሥሩ ቆርጠህ አቃጥለው።

ውኃ የተጠማና በመጥረቢያ የቆሰለ ዛፍ ቶሎ ይጠቃል። በበጋው የመስኖ ተራህ አይለፍህ፤ የከብት ማሰሪያ ገመድም ግንዱ ላይ አትጠምጥም። ማገዶህንም ከዛሬ ጀምሮ ከብርቱካኑ አርቀው፤ የተበሳውን አስቀድመህ አንድደው። አውጥተህ ያገኘኸውን ፍጥረት ከክብሪት እንጨት አጠገብ አስቀምጠህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ፤ መጠኑን አይቼ እነግርሃለሁ።